የአውዲ ቲቲ የበር መስታወት ተሰበረ፤ መሀል ከተማ ማን በደንብ ይቀይራል?

ብርማዋ_ቲቲ፦
ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬ አውዲ ቲቲ ናት። የመጀመሪያዋ ክብ ሞዴል፣ በፈረንጆቹ የ2003 ምርት፣ ኩፔ። ትናንት ማታ ቸርችል ጎዳና አጠገብ አቁሜያት ነበር። የተሳፋሪ በኩል ያለውን የበር መስታወት አድቅቀውት ሄደዋል። የወሰዱት አንድ የስልክ ቻርጀር ብቻ ነው። ሌባውም ከስሯል።

መስታወቱን የት ነው የማገኘው? መስታወት ቤት ሄጄ ባስቆርጥስ? ደግሞ በሯ ላይኛው ፍሬም የለውም፤ መስታወቱ ብቻውን ነው የሚቆመው። እንዲህ ዓይነቱን ገጥሞ ማስተካከል የሚችል ሰው ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ የምታውቁ ጠቁሙኝ። የሰኔ ዝናብ ጀምሯል፣ መኪናዋ ደግሞ ደጅ ነው የምታድረው።

ሸገር_ነጂ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ በንብረት ያብቃ። ጠዋት ሱማሌ ተራ ውረድ። እዚያ ያልተገኘ ዕቃ የትም አይገኝም።

ብርማዋ_ቲቲ፦
አሜን። እህትህ ነኝ ግን።

ሸገር_ነጂ፦
ሃሃ፣ በይ እንግዲያው አንቺ ውረጂ።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ልጄ፣ ሱማሌ ተራው ነገ ይደርሳል። ዛሬ የምታደርጊው ይቀድማል።

የዚያን በር የመስኮት ማንሻ ቁልፍ እንዳትነኪው። መስታወቱ ሲደቅ ግማሹ ወንበር ላይ ይፈሳል፣ ግማሹ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። መስታወት ማንሻው በቀጭን የብረት ገመድ ነው የሚሠራው። ቁልፉን ስትጫኚ ፍርፋሪው ገመዱ መሀል ይገባና ደህናውን ማንሻ ይበላዋል። ከዚያ መስታወት ብቻ ሳይሆን ማንሻም ፍለጋ ትወጫለሽ።

በመጥረጊያም አትጥረጊ፤ ፍርፋሪው ወንበሩ ስፌት ውስጥ ይሰነቀራል። ወፍራም ጓንት አድርገሽ ትልልቁን በእጅ ልቀሚ፣ የቀረውን በቫኪዩም አስወጪ። ሰው የሚረሳው የወንበሩን ሐዲድ፣ የቀበቶውን መቆለፊያ ቀዳዳ እና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የንፋስ መውጫ ነው። ማራገቢያውን መጀመሪያ ስትከፍቺ ፊትሽን ዞር አድርጊ።

ለሽፋኑ ወፍራም ላስቲክ ግዢ። ፕላስተሩን በቀጥታ ቀለሙ ላይ አትለጥፊ። የጠዋቱ ፀሐይ ሙጫውን ይጋግረውና ሲላቀቅ ቀለሙ ላይ ቆሻሻ ይተዋል። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ከሥር አድርጊ፣ ላስቲኩን እሱ ላይ ያዢው። የላስቲኩን የላይኛውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈሽ በሩን ዝጊበት። የታችኛው ጫፍ ግን በበሩ ውጭ ይውረድ፤ ያኔ ውሃው ወደ ውጭ ይሄዳል። ከውጭ ብቻ ከለጠፍሽው ነፋስ ሲመታው ሲጮህ ያድራል፣ ጎረቤትም ይቀየምሻል።

ብርማዋ_ቲቲ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁልፉን ልጫነው ስል ነው መልእክትዎን ያየሁት።

ቄራ_ልጅ፦
ለምን ትደክሚያለሽ? መስታወት ቤት ሂጂና የሌላውን በር ልክ ወስደው ይቁረጡልሽ። አባቴ የቮልሳችንን የጎን መስታወት አስቆርጦ ነው ያስገባው። መኪናው እስኪሸጥ ድረስ አገልግሏል፣ ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

ባለ_መፍቻ፦
ቮልስ ላይ የሠራ ቲቲ ላይ አይሠራም። የቮልስ የበር መስታወት ጠፍጣፋ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ፍሬም ይይዘዋል። የቲቲው ጎባጣ ነው፣ የሚይዘውም ከታች ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ገጥመህ በሩን ስትዘጋ አንዱ ጥግ ውሃ የሚከለክለው ጎማ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ሌላው ጥግ ደግሞ ይጋጫል።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ደህንነቱ ነው። የመኪና የጎን መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ቴምፐርድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በአየር ግፊት ባንዴ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ውጩ ቀድሞ ይጠጥራል። ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ውጩን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ውጥረት ነው። አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ባንዴ ይለቀቅና ሙሉው ወደ ትንንሽ ደነዝ ፍርፋሪ ይለወጣል። ለዚህ ነው እህታችን ወንበር ላይ ያገኘችው ፍርፋሪ እንጂ ረጅም ስባሪ ያልሆነው።

ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ መቁረጥም መብሳትም አይቻልም፤ ከሞከርከው ሙሉው ይፈርሳል። እንግዲህ መስታወት ቤቱ «እቆርጥልሃለሁ» ካለህ የሚቆርጠው የቤት መስኮት መስታወት ነው። ግጭት ሲደርስ ስለት ሆኖ የሚሰበረው አንገትህ አጠገብ ነው። አባትህ ዕድለኛ ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

ቄራ_ልጅ፦
አሜን። ግን የፊት መስታወት ሲቆርጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱስ?

ባለ_መፍቻ፦
ያ ላሚኔትድ ነው። ሁለት ስስ መስታወት፣ መሀሉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን። አዎ፣ እሱ ይቆረጣል። የድሮ ላንድሮቨር ዓይነት ጠፍጣፋ መስኮት ያለው መኪና ቢሆን ከላሚኔትድ አስቆርጥ ብዬ እኔም እመክር ነበር። ለጎባጣ ግን መንገዱ አንድ ነው፤ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን መስታወት መፈለግ።

የመድን_ጠረጴዛ፦
ምንም ሳትገዢ አንድ ጥያቄ። ኢንሹራንስሽ ሙሉ ነው ወይስ ሦስተኛ ወገን ብቻ? በአዋጅ 799/2005 ሁሉም መኪና እንዲኖረው የሚገደደው ሦስተኛ ወገን ነው። እሱ አንቺ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሺው ጉዳት እንጂ ለራስሽ መስታወት አይከፍልም።

ሙሉ ከሆነ ግን ውልሽን አንብቢ። ስርቆትና የመስታወት ስብራት የተጻፈበት ሊኖር ይችላል፣ ከራስሽ የሚቆረጠው ድርሻም እዚያው አለ። መኪናዋ ባለችበት ፎቶ አንሺ። ጉዳቱ ለደረሰበት አካባቢ ፖሊስ አመልክተሽ ማስረጃ ያዢ፤ ቸርችል ከሆነ አራዳ ክፍለ ከተማ ጠይቂ። ከዚያ ለኩባንያው አሳውቂ። ፕሮፎርማ ያመጡልሻል ወይም አምጪ ይሉሻል። ቀድመሽ አስጠግነሽ ደረሰኝ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ «ጉዳቱን አላየነውም» ይሉሻል፣ ያኔ ክርክር ነው።

ሸገር_ነጂ፦
ከራስ የሚቆረጠው ከመስታወቱ ዋጋ ከበለጠስ?

የመድን_ጠረጴዛ፦
ያኔ ትተዪዋለሽ። ለትንሽ ነገር ካሳ ጠይቆ በሚቀጥለው ዓመት የዓረቦን ቅናሽ ማጣትም አለ። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ።

ብርማዋ_ቲቲ፦
ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ያለኝ። ስለዚህ በራሴ ኪስ ነው። ፖሊስ ጋ ግን ሄጄ አስመዝግቤያለሁ።

ሻርጃ_ደርሶ_መልስ፦
እንግዲህ ወደ ዕቃው እንምጣ። ከ2016 መጀመሪያ አጋማሽ ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እንደ ቲቲ ያለ መኪና ድሮም ጥቂት ነበር፣ አሁን አይጨመርም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ የትናንቱ አይደለም። ስለዚህ «ጓደኛዬ በዚህን ያህል ገዝቷል» የሚል ወሬ ይዛችሁ ገበያ አትግቡ።

መጀመሪያ ሱማሌ ተራና አካባቢውን ጠይቂ። «የቲቲ መስታወት» ብቻ አትበዪ። ሊብሬሽን ይዘሽ ሂጂ፣ የሻሲ ቁጥሩን 17ቱንም ፊደልና አኃዝ አሳዪ። ኩፔ መሆኑንም ንገሪ። ጣሪያዋ የሚከፈተው ሮድስተር ሌላ መኪና ናት፤ «ያው ነው» ቢሉሽ ሳትለኪ እንዳትከፍዪ። ግራና ቀኝ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ወደ ፊት ስታዪ ነው የሚቆጠረው። ከፊት ቆመው መኪናዋን እያዩ «ግራ» የሚሉ ሻጮች አሉ፤ በዚህ የተነሳ የተሳሳተ መስታወት ተሸክሞ ቦሌ የደረሰ ሰው አውቃለሁ።

ከታች ጥጉ ላይ ያለውን ማኅተም አንብቢ። በሹፌር በኩል ካለው መስታወትሽ ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ካለው ጥሩ ነው። ለአውሮፓ በተሠራ መስታወት ላይ ክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር አለ፤ ቁጥር 1 የጀርመን ነው። ከአሜሪካ በመጣ ላይ ደግሞ ኤኤስ2 የሚለውን ታያለሽ፤ የፊት መስታወት ኤኤስ1 ነው። መስታወቱን ወደ ፀሐይ አንሺውና ከላይ ወደ ታች የተሰመረ ጭረት ካለው ተዪው። ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲመታው ያኔ ነው የሚያበሳጭሽ።

እዚህ ካልተገኘ ሻርጃ የአሮጌ መለዋወጫ ሰፈር አለ፣ ለአውሮፓ መኪና ብዙ ዕቃ አለው። ግን አስተሻሸጉ ላይ ድርድር የለም። የቴምፐርድ ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው። መሀሉን በጡጫ ብትመቺው ይችላል፣ ጠርዙ ሲሚንቶ ላይ ጠንከር ብሎ ካረፈ ግን ተሰናበቺው። ጠርዙ ዙሪያውን በስፖንጅ ይታሸግ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆሞ ይምጣ እንጂ ተኝቶ ሌላ ዕቃ አይጫንበት።

ሰንጋ_ተራ_ቦዲ፦
ይሄ ሁሉ ትንታኔ ለአንድ መስታወት? እኛ ጋ አምጪያት፣ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ እንገጥማታለን።

ባለ_መፍቻ፦
መግጠሙ ቀላል ነው ወንድሜ። ማስተካከሉን ነው የምንፈራው። ፍሬም የሌለው በር ሠርተህ ታውቃለህ?

ሰንጋ_ተራ_ቦዲ፦
መርቸዲስ ኩፔ ሠርቻለሁ። ትንሽ ፉጨት ነበረው፣ ባለቤቱ ተቀብሎታል።

ባለ_መፍቻ፦
አየህ፣ «ተቀብሎታል» የሚለው ነው ችግሩ። በክረምት ያ ፉጨት የነበረበት ቦታ ውሃ ነው የሚሆነው።

ብርማዋ_ቲቲ፦
ሱማሌ ተራ ተገኘ! መጀመሪያ «በሩን ሙሉ ካልወሰድሽ አንሸጥም» አሉኝ። ሻይ ተጋብዤ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያይቀን፣ በመጨረሻ መስታወቱንና ማንሻውን አንድ ላይ ሸጡልኝ። በደረሰኝ ነው የገዛሁት። ማኅተሙ ከሹፌር በኩል ካለው ጋር ይመሳሰላል። አሁን የቤተሰብ መካኒክ አለን፣ ጎበዝ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ በር አልሠራም። ባለ መፍቻ፣ እባክህ ቅደም ተከተሉን ጻፍልኝ፣ ላንብብለት።

ባለ_መፍቻ፦
እሺ እህቴ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከሁሉም በፊት ባትሪው ይነቀል። በቲቲ የጎን ኤርባጉ ያለው ወንበሩ ውስጥ ነው። ለጽዳት ወንበሩን የሚያነሳው ከሆነ ከሥሩ ያለውን ቢጫ ሶኬት ባትሪ ሳይነቀል እንዳይነካ። ከነቀለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ። ወንበሩ ተነቅሎ ሳለ ደግሞ ቁልፍ አስገብቶ አያዙር፤ የኤርባግ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ይቀራል።

የበሩን ታፒሴሪያ (የውስጥ ሽፋኑን) በካቻቢቴ አይፈልቅቀው። መጀመሪያ የተደበቁትን ብሎኖች ሁሉ ፈልጎ ይፍታ፣ ከዚያ ክሊፖቹን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ አንድ በአንድ ያላቃቸው። ጥቂቶቹ ይሰበራሉ፣ ቀድመሽ ትርፍ ክሊፕ ግዢ። ከታፒሴሪያው ኋላ ውሃ የሚከለክለውን ሽፋን ወይም ስፖንጅ ካገኘ በጥንቃቄ አንስቶ ያስቀምጠው። ብዙ ጋራዥ ቀዶ ይጥለዋል። ከዚያ ባለቤቱ ምንጣፉ ለምን እንደሚሸት ሳይገባው ክረምቱ ያልፋል።

አሁን የበሩን ሆድ በቫኪዩም ማጽዳት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በሩ ታች ጠርዝ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ፍርፋሪ ከደፈናቸው በሩ ውሃ አጠራቅሞ ከውስጥ ይዝጋል። በሩን እያንኳኳ ያዳምጥ። የሚንኮሻኮሽ ካለ ገና አልጨረሰም። መስታወቱ የሚወጣበት ፌልት (ጨርቅማው ጠርዝ) ውስጥ የቀረ አንዲት ፍርፋሪም አዲሱን መስታወት ከላይ እስከ ታች ትጭረዋለች።

ማንሻውን ከማውጣቱ በፊት ብሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ በማርከር ዙሪያውን ያስምር። ፋብሪካው ያስተካከለው እዚያ ላይ ነው፣ ከዚያ መነሳት ግማሽ ሥራ ነው። የሹፌር በኩል ያለው መስታወት ደግሞ ምስክር ነው። ከጣሪያው ጎማ ምን ያህል ገብቷል? ከኋላው ትንሽ መስታወት ምን ያህል ይርቃል? በሜትር ለክቶ ይጻፈው፣ የዚህኛውንም እንደዚያው ያድርገው።

መስታወቱን የሚይዙትን ብሎኖች መጀመሪያ ላላ አድርጎ ይሰር። ማስተካከያው በሦስት አቅጣጫ ነው፤ ወደ ላይና ታች፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ውስጥና ውጭ። ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻው ላይ ነው። በጣም ወደ ውስጥ ከተኛ በሩ በኃይል ነው የሚዘጋው፣ ጎማው ይበላል። ወደ ውጭ ካዘመመ ያፏጫል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ጎማውና መስታወቱ መሀል አድርጎ በሩን ይዝጋና ወረቀቱን ይሳብ። ከፊት እስከ ኋላ በየቦታው ይሞክር። ሁሉም ጋ እኩል ያዝ ካደረገ ደርሷል። ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል የወጣበት ቦታ ውሃ ይገባበታል።

ውሃውን ስትሞክሩ በተራ የውሃ ጎማ ከጣሪያው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። የመኪና አጣቢዎቹን የግፊት ማሽን ጥግ ላይ ከደገናችሁበት ደህናውም በር ያስገባል፣ ምንም አትማሩበትም።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ባለ መፍቻ ተባረክ። አንድ ነገር ልጨምር። ጎማውን ግራሶ እንዳይቀባው። የኛ ከተማ አቧራ ግራሶው ላይ ይጣበቅና መስታወቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሲሊኮን ስፕሬይ በጨርቅ ቀብቶ መወልወል ይበቃል።

ብርማዋ_ቲቲ፦
ተገጠመ! ወረቀቱም እኩል ይይዛል። አንድ ችግር ግን አለ። ድሮ የበሩን እጀታ ስስብ መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። አሁን አይልም፤ ጎማውን እየታከከ ነው የሚወጣው። ማንሻው ተበላሽቶ ይሆን?

ባለ_መፍቻ፦
ምንም አልተበላሸም ይሆናል፣ ባትሪው ስለተነቀለ መስኮቱ ልኩን ረስቶ ነው። በሩን ዝጊ፣ መስታወቱን እስከ ላይ አድርሺ፣ ቁልፉን ወደ ላይ እንደያዝሽ ጥቂት ሰከንድ ቆዪ፣ ልቀቂ፣ አንድ ጊዜ ድገሚው። ከዚያ እጀታውን ስትስቢ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት።

በዚህ ካልተመለሰ የበሩ መቆለፊያ ውስጥ ያለች ትንሽ ማይክሮስዊች ናት። በሩ መከፈቱን ለመኪናዋ የምትናገረው እሷ ናት፣ በዚህ ሞዴል ላይ የታወቀች በሽተኛ ናት። በር ከፍተሽ የውስጥ መብራት የማይበራ ከሆነ እሷን ጠርጥሪ። እስኪሠራ ድረስ በሩን ከመክፈትሽም ከመዝጋትሽም በፊት መስታወቱን በእጅሽ ትንሽ አውርጂ። ጎማው ላይ እየተጋጨ ከቆየ አዲሱም መስታወት አይበረክትም።

ብርማዋ_ቲቲ፦
በመጀመሪያው ተመለሰ! መካኒኩም ደስ ብሎታል፣ «ጻፊና ስጪኝ» ብሎኛል።

አዳማ_120፦
እንኳን ደስ ያለሽ። ግን ከተማ ውስጥ ፉጨት አይሰማም፤ መንገዱ ሁሉ ክላክስ ነው። እሁድ ጠዋት የአዳማን ፈጣን መንገድ ያዢና ሬዲዮ ዘግተሽ አዳምጪ። ከፊት በኩል፣ ስፖኪዮው ጥግ ላይ ከሰማሽ መስታወቱ ትንሽ ወደ ፊት መጠጋት ይፈልጋል። ከጆሮሽ ኋላ ከሆነ ቁመቱ ነው። ተሳፋሪ ይዘሽ ሂጂ እንጂ እየነዳሽ በእጅሽ አትዳብሺ።

ባለ_ኤስኤልኬ፦
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ተባረኩ። እኔ ካዛንቺስ ነው የምሠራው፣ ሁለት በር መርቸዲስ ኤስኤልኬ አለችኝ። እስካሁን አልተነካችም። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ የመከላከያ ፊልም አለ ይላሉ። ይረዳል ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?

ባለ_መፍቻ፦
መስታወቱ እንዳይሰበር አያደርግም። ሲሰበር ግን ፍርፋሪው ፊልሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሌባው እጁን ለማስገባት ደጋግሞ መምታት አለበት። ብዙዎቹ ድምፅና ጊዜ ስለሚፈሩ ይተዉታል። ጥርት ያለውን፣ ወፈር ያለውን ውሰድ፤ ለጥላ ተብሎ የሚለጠፈው ስሱ ለዚህ አይሆንም። ከውስጥ በኩል ነው የሚለጠፈው። ያንተም ፍሬም የሌለው በር ስለሆነ ለጣፊው ጠርዙ ድረስ እንዳያመጣው፣ ትንሽ ክፍተት ይተው። አለዚያ መስታወቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ፌልቱ ጫፉን ይልጠዋል።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ከፊልሙ በፊት ግን የስልክ ቻርጀሩን ከዳሽቦርዱ አንሳ ልጄ። መስቀል አደባባይ ከምድር በታች ያለው ፓርኪንግ ለምሽት ከመንገድ ዳር ይሻላል፤ ለካዛንቺስም ሩቅ አይደለም፣ በእግርህ ትወጣዋለህ።

ባለ_ኤስኤልኬ፦
ጋሼ ገብቶኛል፣ ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። ባለ መፍቻ፣ ለፊልሙ ስመጣ በውስጥ መስመር ልጻፍልህ?

ባለ_መፍቻ፦
ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ፤ መኪናዋን አሳጥበህ ና፣ መስታወት ላይ አቧራ ካለ ፊልም አይያዝም።